አምስት በር፣ አንድ ሞተር

ከአዲስ አበባ የሚያስወጡት በሮች አምስት ናቸው፦ የደሴ፣ የጎጃም፣ የአምቦ፣ የጅማና የደብረ ዘይት። ይህ ጸሐፊ የሚኖረው በጅማ በር ደጃፍ፣ አየር ጤና ነው። ንጋት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ ሳይሆን «ወለቴ! ዓለም ገና! ሰበታ!» የሚለው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ነው። ይህን ጥሪ ለዓመታት እየሰማ የኖረ ሰው አንድ ቀን ጥሪው ከሚያበቃበት አልፎ መሄድ ቢያምረው አይፈረድበትም።

በ1999 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየማችን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ኢዋን ማክግሬጎርና ቻርሊ ቦርማን የተባሉ የብሪታንያ ተዋንያን ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ በሞተር ሳይክል ሲጓዙ ሀገራችንን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው አልፈዋል። ጉዞውን በፊልም ባየሁ ጊዜ የቀናሁት በሞተሮቻቸው አልነበረም። እነርሱ ሀገሬን እንደዚያ ሲያዩ፣ እኔ በዚያን ጊዜ ከናዝሬት ወዲያ አላለፍኩም ነበር።

እንግዲህ ሞተሯን የገዛሁት በ2017 ዓ.ም. መስከረም ነው። ሰፊ የነዳጅ ታንክ፣ የነፋስ መከላከያ፣ ግራና ቀኝ የጓዝ ሣጥን ያላት፣ ለረጅም መንገድ የተሠራች ቱሪንግ ነች። ስሟን አልጠቅስም፤ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ዋጋዋንም አልጠቅስም፤ ባለቤቴ ይህን ገጽ አልፎ አልፎ ታነባለች። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ በኋላ የተገዛ የውጭ ዕቃ መሆኑን ብቻ ልናገርና አንባቢ የቀረውን ይገምት።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ጎጃም ነበር። የዓባይን በረሃ በጎሐ ጽዮን ወርዶ በደጀን መውጣት፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ባሕር ዳር። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመኑ ቢያበቃም ጦርነቱ አላበቃም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸውን ሰማን። የጎጃም በር እንዲህ ተዘጋብኝ። የደሴው በር ከጎጃሙ አይሻልም፤ የአምቦው ወደ ወለጋ ይወስዳል፤ የወለጋን ነገር መንገደኛ ያውቀዋል። የደብረ ዘይቱ ክፍት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ጉዞ ሳይሆን የቅዳሜ ምሳ ነው። መድረሻዬን የመረጥኩት በካርታ ሳይሆን በዜና ነው ማለት ይቻላል። ጅማ ቀረ።

ጎረቤታችን እትዬ ሣጥኖቹን ስጭን አይተው፣ «ልጄ፣ አውሮፕላን እያለ?» አሉኝ። እርሳቸው ክፋት የላቸውም። አቅም ያለው ሰው ሀገሩን ከላይ እየተሻገረ፣ አቅም የሌለው ከታች እየጸለየ መሄዱን ስለለመዱት ነው። የሰፈራችን ስም ለካ ትንቢት ኖሯል፤ ጤና የቀረው አየር ላይ ነው!

በኅዳር አንድ ማለዳ ተነሣሁ። ገና ወለቴ ሳልደርስ አንድ ትራፊክ አስቆመኝ። አልተገረምኩም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክል ለዝርፊያ መሣሪያ ሆኗል በሚል ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ከጎዳና ካስወጣ ወዲህ፣ ሁለት እግር ያለው ተሽከርካሪ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ወረቀቶቼን አገላበጠ፣ ሣጥኖቹን አስከፈተ፣ ካልሲዎቼን ቆጠረ፣ አሰናበተኝ።

ከሰበታ በኋላ ግን ነፍስ ይመለሳል። በተጂና በቱሉ ቦሎ ሜዳ ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ተጀምሯል። በመኪና መስታወት ውስጥ ሆኖ ይህን ያየ ሰው አየሁ ይበል እንጂ፣ የነዶውን ሽታ አያገኘውም። ወሊሶን አልፌ ከመንገዱ ከተሞች በአንዱ ነዳጅ ፈለግሁ። ማደያው «ቤንዚን የለም» አለ። ሃምሳ እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ልጅ ግን በሃይላንድ ሞልቶ ነበረው። በዚያ ሰሞን መንግሥት የተመነው ሊትር 91 ብር ከ14 ሳንቲም ነበር፤ የልጁን ተመን ልተወው።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ብርድ የወጣ ሰው ጃኬቱን ሳያወልቅ እዚህ መድረስ አይችልም፤ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ወደ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሜትር ገደማ ነው የሚወረደው። ሙቀቱ በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ደረጃ እየጨመረ ፊት ላይ ይመጣል፣ ፍሬኑ ይሸታል፣ ከባድ መኪኖች በተቃራኒው እያቃሰቱ ይወጣሉ። ድልድዩ ላይ ሞተሯን አጥፍቼ ቆምኩ። የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር።  መንገዱ ለመኪና ከመከፈቱ በፊት ቡናና ከብት፣ ባሪያም ጭምር፣ በሲራራ ነጋዴ ተነድቶ የሚያልፈው በእግርና በበቅሎ ነበር።

የግቤ ነገሥታት በየድንበራቸው በር ነበራቸው፤ ስሙም ኬላ ነው። ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው የቆዩት ዳግማዊ አባ ጅፋር በነገሡበት ዘመን፣ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚያልፍ ሳይጠየቅና ቀረጡን ሳይከፍል አያልፍም ነበር። እኔ በ2017 ዓ.ም. እስከ ጅማ ሰባት ጊዜ ቆምኩ። ቀረጥ የጠየቀኝ የለም። ጥያቄው ግን ያው ነው።

ከድልድዩ ማዶ በአንደኛው ኬላ፣ ገመድ የያዘ ወጣት ሚሊሻ «ኤሳ ዱፍቴ?» አለኝ።

«ከአየር ጤና።»

«እርሱን አይደለም። ከየት ነህ?»

ድሮ ይህ ጥያቄ የሰላምታ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ከኋላው «እገሌን ታውቀዋለህ?» ይከተላል፣ ከዚያም ቡና። አሁን ግን መልሱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጠያቂውም ጭምር ሲያፍር አየሁት። «አየር ጤና ተወልጄ አየር ጤና ያደግሁ ነኝ» አልኩ። እውነት ነው። ትንሽ አሰበና ዓይኑ ወደ ሞተሯ ሄደ። «ጋሼ፣ ስንት ትሮጣለች?» ልቀመጥባት አለ፤ ተቀመጠባት። ፎቶ አነሣሁት፤ እኔም ገመዱን ይዤለት ቆየሁ።

«ፊንፊኔ ሄጄ አላውቅም» አለ መሪውን እንደጨበጠ። «እዚያስ ሲገቡ ይጠይቃሉ?»

«ይጠይቃሉ» አልኩት።

ጅማ አንድ ሌሊት አድሬ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ አይቼ ተመለስኩ። በመልሱ ያ ልጅ ከሩቅ አውቆኝ ሳልቆም ገመዱን ጣለልኝ። ሰባት የነበረው ስድስት ሆነ። ሞተሯ አሁን ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍና ቆማለች፤ የጎጃሙ ካርታ በግራው ሣጥን ውስጥ እንደታጠፈ ነው።