የማሙሽ ጀሶና የመሳቢያው ወረቀት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ልጄን ከሕክምናው ሊያስቀረው ምንም አልቀረውም ነበር። ጥፋቱ ደሞ የወረቀቱ ብቻ አይደለም፣ የኔም ዝምታ አለበት።

ሱቄ ጄፔ ነው። መንገዱ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም እኛ አሁንም ጄፔ ነው የምንለው። ሜዲካል አርትስ የሚባለውን ሕንፃ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ሐበሻ የሚነግድባቸው ክፍሎች ድሮ የሐኪሞች መመርመሪያ ነበሩ፣ ስሙም ከዚያ የቀረ ነው። እኔም እዚያ ሰፈር ደረሰኝ ስቆርጥ ስንት ዓመት ኖሬ፣ የሐኪም ሒሳብ ማንበብ ግን አላውቅም ነበር።

ትንሹ ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው እናቱ ስታጥበው ጀርባው ወደ አንድ ጎን መጣመሙን አየች። ኤክስሬይ ተነሳ። ሐኪሙ «ስኮሊዮሲስ ነው» አሉን። በሕፃንነት ሲመጣ አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ግን እየባሰ ይሄዳል። የኛው የሚብሰው ዓይነት ሆነ። ሕክምናው ጀሶ ነው፦ ልጁን በማደንዘዣ አስተኝተው፣ አከርካሪውን እየሳቡና እያቀኑ ገላውን በጀሶ ይጠቀልሉታል። ሕፃን ያድጋልና በየሁለት ሦስት ወሩ ይቀየራል። እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሚን መህታ 136 ሕፃናትን ተከታትለው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጀሶው በጊዜ ከተጀመረ የልጁ እድገት ራሱ አጥንቱን እንደሚያቀናው አሳይተዋል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው። እንጨትም የሚቃናው በለጋነቱ ነው።

ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቷ በኩል ሜዲካል ኤይድ ስላላት ልጁን የግል ሆስፒታል አሳከምነው። ከመጀመሪያው ጀሶ በኋላ ፖስታ ይጎርፍ ጀመር። የአንድ ጠዋት ሥራ አራት ሒሳብ ይዞ መጣ፦ የአጥንት ሐኪሙ ለብቻ፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ ለብቻ፣ ሆስፒታሉ ለብቻ፣ ኤክስሬዩ ለብቻ። የሆስፒታሉና የኤክስሬዩ ተከፈለ፤ የማደንዘዣው በከፊል ተከፈለ። የአጥንት ሐኪሙ ሒሳብ ግን ተመልሶ መጣ። ሜዲካል ኤይዱ አልከፈለም፣ ሙሉውን እናንተ ክፈሉ ይላል። ድምሩን ሳየው ራሴን አዞረኝ።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ከባንኮኒው ሥር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማስታወሻ መጣ፣ እሱንም ከላዩ ደረብኩበት። ለወዳጅ እንኳ መንገር አፈርኩ። ጀሶው ሊቀየር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴን «የፊተኛውን ሳንከፍል በምን ዓይናችን እንሄዳለን? እስኪ ትንሽ ይቆይ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ልጁን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ግሬድ ስድስት የምትማረው ልጄ ሱቅ መጥታ መቀስ ስትፈልግ ወረቀቱን አገኘችው።

«አባዬ፣ ማሙሽ እግሩን ምን ሆኖ ነው?»

«እግሩንማ ምንም አልሆነም።»

«እዚህ እኮ ሊምብ ካስት ይላል። ሊምብ ማለት እጅና እግር ነው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። እውነቷን ነው።

አሁን የገባኝን ላካፍላችሁ። በሒሳቡ ላይ ሁለት ዓይነት ኮድ አለ። አንደኛው ልጁ ምን እንደታመመ ይናገራል፤ አይ ሲ ዲ 10 ይሉታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ነው። ስኮሊዮሲስ በኤም 41 ይጀምራል፣ የሕፃናቱ ኤም 41.0 ነው። ሁለተኛው ሐኪሙ ምን እንደሠራ ይናገራል፤ እዚህ አገር ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያዩት ባለ አምስት አኃዝ ሲሆን፣ ከትከሻ እስከ ዳሌ ለሚደረግ ጀሶ 29035 ተብሎ ይጻፋል። የእግር ጀሶና የገላ ጀሶ ቁጥራቸው ይለያያል፣ ዋጋቸውም እንዲሁ። የኛ ሒሳብ በሽታው የአከርካሪ፣ ሥራው የእግር ይል ነበር። ሁለቱ አልገጠሙምና ተመለሰ።

ስልክ አንስቼ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ወደ ሐኪሙ ሒሳብ ክፍል ደወልኩ። የደበቅኩትን ያህል አስፈሪ አልነበረም። ሴትዮዋ ፋይሉን አይታ «ስህተቱ የኛ ነው፣ አስተካክለን እንልካለን» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተከፈለ። የማደንዘዣው ቀሪ ግን የእውነት የኛ ዕዳ ነበር፤ ሐኪሙ ሜዲካል ኤይዱ ከሚከፍለው በላይ ስለሚያስከፍሉ ነው። በሦስት ወር ለመክፈል ተስማማን። ማሙሽ ጀሶውን በቀኑ ቀየረ።

እናንተም ይህን ያዙ። ሒሳቡ ሕክምናው ከተሰጠበት ወር በኋላ እስከ አራተኛው ወር መጨረሻ ሜዲካል ኤይዱ ጋ መድረስ አለበት። ስህተት ካገኙበት በ30 ቀን ውስጥ ለእናንተም ለሐኪሙም ማሳወቅ ይገባቸዋል፤ ለማረም ደግሞ 60 ቀን አላችሁ። መሳቢያ ውስጥ የሚያድር ወረቀት ይህን ቀን ነው የሚበላው። ስትደውሉ የምትጠይቁት ቀላል ነው፦ የበሽታው ኮድ ስንት ነው? የሥራው ኮድ ስንት ነው? ምን ማለት ናቸው? የተናገራችሁትን ሰውና ቀኑን ጻፉ። በሜዲካል ኤይዱ በኩል አቤት ብላችሁ ካልተፈታ፣ ካውንስል ፎር ሜዲካል ስኪምስ የሚባለው መንግሥታዊ ተቋም ያለ ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል።

ሜዲካል ኤይድ የሌላችሁስ? በ2003 የወጣው የአገሪቱ የጤና ሕግ ሜዲካል ኤይድ የሌላቸው ነፍሰ ጡሮችና ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ እንዲታከሙ ያዛል። በኤፕሪል 2023 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ መብት ዜግነትና ወረቀት ሳይለይ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ «ወረቀት የለንም» ብላችሁ የሕፃን ጀርባ እያያችሁ ቤት አትቀመጡ።

ልጆችዬ፣ ይህን የምታነቡት እናንተም አላችሁ። እንግሊዝኛው ለእናንተ ይቀላልና ፊደሉን አንብቡልን፣ እናመሰግናለን። ዕዳውን መጨነቅ ግን የእናንተ ሥራ አይደለም። ያን ቀን ማታ ልጄ «አባዬ፣ ሱቁን እንሸጠዋለን?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው የደበቅኩት ነገር ማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ የገባኝ። እኔ ነኝ መደወል የነበረብኝ፣ ያውም ከሁለት ወር በፊት።

ማሙሽ ዛሬ ስድስተኛ ጀሶው ላይ ነው። ጀርባው ገና ሙሉ በሙሉ አልቀናም፣ ኤክስሬዩ ግን በየጊዜው ይሻላል። ጀሶውን እንደለበሰ በመጋረጃዎቹ መሃል ይሮጥብኛል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሐኪም ሒሳብም እንደዚያው ነው። እናንተም ቤት መሳቢያ ውስጥ የተከተተ ፖስታ ካለ፣ ዛሬ ማታ አውጡትና አብራችሁ አንብቡት።