የወለጋ ብርሃንና የኤዲተሩ መቀስ

በወለጋ ከተሞችና መንደሮች የተቀረጸ የአፋን ኦሮሞ ክሊፕ ሳገኝ ሳላይ አላልፍም። ዘፈኑ ብዙ ጊዜ ልቤን ይነካዋል። ምስሉ ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። ዘፋኙ ናፍቆቱን በዝግታ እያዜመ የቀትር ፀሐይ አናቱ ላይ ወርዳበታለች፤ ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ተውጧል፤ አንድ ስንኝ ሳይጨርስ አራት ቦታ ታይቶ ይመለሳል።

ይህን የምለው ድካማቸውን ለማጣጣል አይደለም። ብዙዎቹ ክሊፖች ዘፋኙ ከኪሱ አውጥቶ፣ ጓደኞቹ ካሜራ ተሸክመውለት የሚሠሩ ናቸው። በውጭ አገር ኢንዲ ሮክ የሚባለውም ትልልቅ አሳታሚዎችን ሳይጠብቅ በራሱ አቅም የቆመ ሙዚቃ ነው። እዚያ ያሉ ልጆች በትንሽ ገንዘብ ስሜት ሲፈጥሩ ዋናው መሣሪያቸው ብርሃንና ቆረጣ ነበር። እኛም ሁለቱም አሉን።

ነቀምቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ በታኅሣሥም ቢሆን ብዙ አታዘቀዝቅም። ማታ ደግሞ ቁልቁል ነው የምትወርደው። ክሊፕ ሠሪዎች ወርቃማው ሰዓት የሚሉት ብርሃን፣ በጣም የሚያምረው ክፍሉ፣ እኛ ጋ 25 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው፤ በመስከረም ስቶክሆልም ላይ የዚህን እጥፍ ያህል ይቆያል። የፈረንጅ ትምህርት ዩቲዩብ ላይ አይቶ የሚወጣ ልጅ የካሜራ ማረጋጊያውን (ጂምባሉን) ሲያስተካክል ፀሐይዋ ታመልጠዋለች። ልብሱ፣ ቦታው፣ ልምምዱ ከ11 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት።

ክረምትን የሚፈራ ብዙ ነው። እኔ ግን የወለጋ ትልቁ ሀብት እሱ ይመስለኛል። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ በእነዚያ ወራት ደመናው ከአድማስ አድማስ እንደተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ጠቆር ያለ ፊት በእንዲህ ያለ ብርሃን ሁሉ ነገሩ ይታያል፤ የጉንጩ ቅርጽ፣ የግንባሩ ላብ፣ ዓይኑ ውስጥ የቋጠረው እንባ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እንዲመጥን ከተዋችሁት ለሰማዩ መጥኖ ፊቱን ያጠቁረዋል። ለፊቱ መጥኑ፤ ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ። አረንጓዴውንም አትጎትቱት። የቡናው፣ የበቆሎው፣ የባሕር ዛፉ አረንጓዴ እየቅል ነው፤ ቀለሙ ከልክ በላይ ሲደምቅ ሦስቱም አንድ ይሆናሉ።

ወደ መቀሱ ልምጣ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በደቂቃ 70 ምት ያለውን የናፍቆት ዘፈን በየምቱ ከቆረጥነው 4 ደቂቃ ውስጥ 280 ቁራጭ ይገባል። ማን ፊት ላይ ማረፍ ይችላል? የእንግሊዙን ባንድ የሬዲዮሄድን «ኖ ሰርፕራይዝስ» ተመልከቱ። በ1997 እ.ኤ.አ. ግራንት ጊ ያዘጋጀው ክሊፕ ሲሆን አንድ ፊት፣ አንድ ብርሃን አሳላፊ ቆብና ቀስ እያለ የሚሞላ ውኃ ነው ያለው። አይቆረጥም። የባንዱ ዘፋኝ ቶም ዮርክ ትንፋሹን የያዘበት ጊዜ ረጅም የሚመስለው ዘፈኑን በቀረጻው ላይ አፍጥነው አጫውተው ምስሉን በኋላ ስላዘገዩት ነው። ይህን ነቀምቴ ውስጥ ማንም መሥራት ይችላል፦ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ክፈቱ፣ በሰከንድ 50 ፍሬም ቅረጹ፣ በ25 አጫውቱት። ከንፈሩ ከድምፁ ጋር ይገጥማል፤ የጀበናው እንፋሎትና የነጠላው ጫፍ ግን ይዘገያሉ።

ውዝዋዜውም እንዲሁ። ትከሻና እግር በአንድ ላይ ሲታዩ ነው የሚገባን፤ ለየብቻ ከተቆራረጡ ጨፋሪዋ የለፋችበት ይጠፋል። ድሮኑን አልጠላም፤ የዲዴሳን ሸለቆ ከላይ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ከዚያ ከፍታ ሰው ፊት የለውም፤ ዘፈኑ ደግሞ ስለ ሰው ነው። አንዴ አሳዩንና ወደ ዘፋኙ ውረዱ።

ፈጣን ቆረጣ ለፈጣን ዘፈን ይሆናል፤ የሠርግ ዘፈን ላይ እወደዋለሁ። የምለምናችሁ ለዝግታው ነው። ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ውስጥ ክሊፕ የምትሠሩ ልጆች፣ በሚቀጥለው ሥራችሁ አንድ አዝማች ብቻ፣ በሐምሌ ደመና ሥር፣ ሳትቆርጡ ሞክሩ። ከአሁን በፊት እንዲህ የተሠራ የወለጋ ክሊፕ የምታውቁም ሊንኩን ላኩልኝ፤ የሠሪዎቹን ስም ጠቅሼ እዚህ ገጽ ላይ አወጣዋለሁ።