የኩንታል ሒሳብ

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሲሚንቶ ስንጽፍ «የመሐንዲሱን ሥራ ለመሐንዲሱ ተዉለት» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። ሒሳቡ ግን ለማንም የሚከብድ አይደለም። አንድ ቶን 1,000 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ፣ በአገራችን የተለመደው የሲሚንቶ ከረጢት ደግሞ 50 ኪሎ ነው። እንግዲህ አንድ ኩንታል 2 ከረጢት፣ አንድ ቶን 20 ከረጢት መሆኑ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከስሙ ነው። ሕዝባችን «ኩንታል» የሚለውን ቃል ለክብደቱም ለጆንያውም ስለሚጠቀምበት፣ በኩንታል ዋጋ ተስማምቶ አንድ ከረጢት ብቻ የሚረከብ ሰው ግማሽ ገንዘቡን ያጣል። ስለዚህ ቤት ለመሥራት ጥቂት ብር ያጠራቀመ ሁሉ «ስንት ከረጢት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

መሐንዲሱም ቢሆን ኪሎውን ወደ ከረጢት መመለሱ አይቀርለትም። ለአንድ ሜትር ኩብ አርማታ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ቢታዘዝ ልክ 7 ከረጢት ነው፤ 360 ቢታዘዝ ግን 7.2 ይሆናል። ያችን ትርፍ በሥራ ቦታ ማን ይመዝናታል? ስለዚህ ሙሉው ከረጢት እንደ አንድ ይቆጠርና አሸዋውና ጠጠሩ በእርሱ ልክ በሳጥን ይሰፈራል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የተሸካሚው ሒሳብ ነው። በወረቀት ላይ «400 ኩንታል» የተባለው የአንድ ባለ ተሳቢ መኪና ጭነት ሲራገፍ 800 ከረጢት ነው። ስምንት ሰዎች ቢያወርዱት ለእያንዳንዱ 100 ከረጢት፣ ማለት 5 ቶን ይደርሰዋል። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱን፣ የእኛን እኩያ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ስንት ኩንታል አወረዳችሁ?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ኩንታሉን ጸሐፊው ያውቀዋል፤ እኛ የምናውቀው ከረጢቱን ነው» ሲል መለሰልን።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የምክር ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ አሳስቧል። የእኛ ከረጢት ከዚያ ወሰን የሚያንሰው በ5 ኪሎ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ዛሬ የተለመደው ከረጢት 25 ኪሎ ነው።

እኛም አገር እንዲሁ ቢሆንስ? ምልልሱ ይበዛል፣ ወረቀቱም ዋጋ አለው ይባል ይሆናል። ክፍያውም በከረጢት ቁጥር ከሆነ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚሸከም አይጠፋም። ስለዚህ ከረጢቱ ሲያንስ የክፍያው ደንብ አብሮ መታሰብ አለበት። ይህን አሟልቶ ማሰብ ግን የተማረው ክፍል ፈንታ ይመስለናል፤ ነገ ከእኛ መካከል ውል የሚያረቅና ሕንፃ የሚያሠራ ይወጣልና። ቶኑን በ20 ማባዛት ቀርቶ በ40 ማባዛት ቢሆን የሚቸገር ጸሐፊ የለም፤ ቀለል የሚለው ተሸካሚ ግን ብዙ ነው።