ከሣሩ ሥር ያለው ዋጋ

ለግቢያችሁ ሣር ለማስነጠፍ አስባችሁ ዋጋ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ የመጀመሪያው መልስ የመጣላችሁ በካሬ ነው። «ካሬው ይህን ያህል ብር ነው፤ ግቢያችሁ ስንት ካሬ ነው?» ትባላላችሁ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ታባዛላችሁ፤ የሚመጣው ቁጥርም ያን ያህል አያስደነግጥም። እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ክፍል ነው፤ «ከዚህ ዋጋ ጀምሮ» የሚል ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ በደንብ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነጠላ ዋጋ ሲነገረኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «እዚህ ውስጥ ያልተካተተው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሣር ልታስነጥፉ ስትሉ ይህን ጥያቄ አትርሱት፤ ትልቁ ወጪ ያለው ከላይ በሚታየው አረንጓዴ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ነውና።

የእኛን ልንገራችሁ። ከቤቱና ከመኪና ማቆሚያው የተረፈን 55 ካሬ ያህል ባዶ መሬት ነበር። ባለቤቴ «ሲሚንቶ እናስደርገውና እንገላገል» ባይ ነው። እኔ ደግሞ የማስበው ልጃችንን ነው። አምስት ዓመቱ ነው፤ ከአጥራችን ውጭ ያለው መንገድ የባጃጅና የሲኖ ነው፤ ከግቢያችን ሌላ የሚሮጥበት ቦታ የለውም። የባለቤቴ ዕቁብ ሲወጣ ጉዳዩ ከወሬ አለፈ። ያው ገንዘብ ለትምህርት ቤት ክፍያም ለተጨማሪ ሮቶም ይፈለግ ስለነበር ግን በስሜት የሚወሰን አልነበረም። ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ጠየቅን።

የብሩን መጠን እዚህ አልጽፍላችሁም፤ ይህ መጽሔት እጃችሁ እስኪገባ ዋጋው ተቀይሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ድርሻውን ብነግራችሁ ይሻላል። ከተስማማነው ባለሙያ ፕሮፎርማ ላይ፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር 18ቱ ለቁፋሮና ፍርስራሽ ለማስወገድ፣ 27ቱ ለአፈርና ለፍግ ከነማጓጓዣው፣ 7ቱ ለጠርዝ ድንጋይ ነበር። ሣሩ ራሱ 30፣ ሣሩን ማጓጓዝ 6፣ ለሚያነጥፉት ሰዎች የእጅ ዋጋ 12። በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 100ው 115 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ገና ሣር ግቢያችን ሳይደርስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገንዘብ መሬት ውስጥ ገብቷል።

በጣም ርካሽ የነበረው ፕሮፎርማ የያዘው የሣሩን ዋጋና የእጅ ዋጋውን ብቻ ነበር። ከላይ ባለው ስሌት ከመቶው 42 ብር መሆኑ ነው። ሐሰት የለበትም፤ ቁፋሮው፣ አፈሩና ማጓጓዣው ግን የእኛ ዕዳ ሆነው ይቀራሉ። ወይም ደግሞ ጭራሽ ሳይሠሩ ይቀራሉ፤ ይህ ይብሳል።

ለምን እንደሚብስ ለማወቅ አዲስ የተሠራ ቤት ግቢ አንድ ክንድ መቆፈር ይበቃል። የሲሚንቶ ቁራጭ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ሚስማር፣ የከረጢት ቁራጭ ይወጣል። ግንባታ ሲያልቅ የሚተርፈው ሁሉ እዚያው ተደልድሎ አፈር ይለበስበታል። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከመስኩ ተቆርጦ የሚመጣው ሣር ሥሩ የተያዘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው አፈር ነው። ከሥሩ የሚገባበት ልል አፈር ካላገኘ ለሁለት ሳምንት አረንጓዴ መስሎ ይቆይና ቢጫ ይሆናል። ያን ጊዜ ያነጠፈው ሰው ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

የአፈሩን መጠን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። 40 ካሬ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ለመደልደል 4 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ባለሙያው «አንድ ቢያጆ ይበቃል» ሲላችሁ መኪናው ስንት ሜትር ኩብ እንደሚጭን ጠይቁት። ድልድሉም የዋዛ አይደለም፤ ውሃ ወደ ቤቱ መሠረት እንዳይመለስ መሬቱ ከቤቱ እየራቀ በሄደ ቁጥር በየሜትሩ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ሣሩ በተቆረጠ በቀኑ ቢበዛ በማግስቱ ይነጠፋል፤ መጋጠሚያዎቹ አንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ እንደ ብሎኬት እየተጠላለፈ። እዚያው በደንብ ይጠጣል። ልጃችን ለሦስት ሳምንት ያህል እንዳይረግጠው ተነገረው፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህን ማስከበር ነበር።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው። ያደገችው ገበሬ ቤት ነው። ከመኪና የሚወርደውን ሣር ጎንበስ ብላ በእጇ ዳስሳ «ይሄ ሰርዶ አይደለም እንዴ?» አለች። ነው። አባቷ ከእርሻው ላይ ነቅሎ የማይጨርሰው፣ በሬ ሲታረስ ተቆርጦ ከየቁራጩ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ሰርዶ። እኛ በካሬ ከፍለን አስመጣነው። ለገበሬ ጠላት ያደረገው ጠባዩ ግን ለግቢ የሚፈለገው ጠባዩ ነው፤ በመሬት ላይ እየተሳበ ሥር ይሰዳል፣ ሲረገጥ አይሞትም፣ ድርቅ ይችላል። ኪኩዩ የሚባለውም ሣር የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው፤ አየራችን ይስማማዋል፤ የዚያኑ ያህል ግን ወደ አበባ መደቡ ዘልሎ ስለሚገባ የጠርዝ ድንጋይ የግድ ይላል።

እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የምትችሉበት ሁነኛ መንገድ አለ። ሰርዶን እንደ ምንጣፍ ከማስነጠፍ ይልቅ እየነጣጠሉ በመስመር መትከል ይቻላል። አንድ ካሬ ሣር ሲነጣጠል ብዙ ካሬ መሬት ይተክላልና ከ100 ብሩ ውስጥ ያ 30ው በጣም ይወርዳል። ቁፋሮው፣ አፈሩና ፍጉ ግን ያው ናቸው። ሣሩ ገጥሞ መሬቱን እስኪሸፍን ወራት መታገሥ፣ በመሃሉ የሚበቅለውንም አረም መንቀል ይኖርባችኋል። ምንጣፉን ስትገዙ የምትከፍሉት ለጊዜው ነው ማለት ነው። እኛ የሚሮጥ ልጅ ስላለን ጊዜውን ገዛን፤ ልጅ የሌለው ወይም ትዕግሥት ያለው ሰው ባይገዛው አያስቀየምም።

ፕሮፎርማ ላይ የማይጻፈው ትልቁ ወጪ ውሃ ነው። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። አዲስ ሣር ሥር እስኪይዝ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብትሰጡት፣ ለ40 ካሬ በየቀኑ 200 ሊትር ይሄዳል፤ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። ከያዘ በኋላም በበጋ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ 1,000 ሊትር፣ አንድ ሙሉ ሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የገንዘብ ሒሳብ ብቻ አይደለም። ሰርቪስ ቤት ያለችው ተከራያችን የምትጠቀመው በዚያው ቆጣሪ ነው። ጎረቤቶቻችን ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዘው በራችን ላይ ያልፋሉ። እናቴ «የሚበላው ከብት ሳይኖር ሣር ታጠጣላችሁ?» ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ ጥያቄው ግን ከሳቁ በኋላም አልሄደም።

ዕቅዳችንን የለወጠው ይህ ጥያቄ ነው። 55ቱን ካሬ ሁሉ ማልበሱን ትተን 40 ላይ አቆምን። የቀረው 15 ካሬ ለእናቴ ጎመን፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ሆነ፤ የእጣቢው ውሃ ሳሙና የሌለበት ከሆነ ወደዚያ ይሄዳል። ሣሩን ያስነጠፍነው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ሥር የሚይዝበትን ጊዜ ሰማዩ አጠጣልን። በበጋ ከሮቶው ውሃ በመጀመሪያ የቤቱና የተከራይዋ ድርሻ ይያዛል፤ ከተረፈ ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ሣሩ ይጠጣል። ካልተረፈ ይቢጫል። ሰርዶ ነውና ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሣር ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ላይጥመው ይችላል፤ እኛ ግን በውሃ ፈንታ መልኩን ለመተው ተስማምተናል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ ትንሽ ቢሆንም አያልቅም። በክረምት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይታጨዳል፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ማንሳት ነው፣ ከዚያ በላይ ከተላጨ ይደክማል። አትክልተኛ በወር ስንት ጊዜ እንደምትጠሩ፣ ማጨጃውን ማን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ አስቡበት። ሳትከፍሉበት የምታልፉት ወር ጥቂት ነው።

እንግዲህ ፕሮፎርማ እጃችሁ ሲገባ ከካሬው ዋጋ በፊት አምስት ነገር ፈልጉበት፤ ስንት ሴንቲ ሜትር ይቆፈራል፣ ፍርስራሹን ማን ይጥላል፣ ስንት ሜትር ኩብ አፈርና ፍግ ይገባል፣ ቫት ተካቷል ወይስ አልተካተተም፣ በአንድ ወር ውስጥ የደረቀውን ማን ይተካል? መልሱ በቃል ከሆነ በጽሑፍ ይሁን በሉ። ቀብዱንም ከግማሽ አታሳልፉት፤ የመጨረሻውን ክፍያ ሣሩ ሥር መያዙን እስክታዩ አቆዩት። መያዙን ማወቅ ቀላል ነው፤ ጠርዙን በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። እምቢ ካላችሁ ክፈሉ።