ከጥልቅ ሐይቅ ዓሣ ለማጥመድ፦ ጀማሪ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ውሃውን ነው

በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች አንዱ የሆነው የሚሺጋን ሐይቅ እጅግ በጠለቀው ሥፍራው 281 ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት ሳልመንና ሌክ ትራውት የሚባሉትን ቀዝቃዛ ውሃ የሚወዱ ዓሦች ለመያዝ የሚወጣ አጥማጅ መንጠቆውን ከ15 እስከ 60 ሜትር ዝቅ አድርጎ፣ በዝግታ ከምትጓዝ ጀልባ ኋላ እየጎተተ ማጥመድ ይኖርበታል። ትሮሊንግ የሚባለው ይህ ዘዴ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ዓሣው እስኪመጣ ከመጠበቅ የሚለየው አጥማጁ ራሱ ዓሣውን ፍለጋ ስለሚዞር ነው፤ ፍለጋው ግን ዓይን በማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ ጀማሪው መንጠቆው የት እንዳለ ሳያይ መሥራትን መልመድ አለበት። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ችግር ውድ መሣሪያ በመግዛት ሊፈቱት ይሞክራሉ። የሙያው ዋና ዕውቀት ያለው ግን በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በውሃው ጠባይ ላይ ነው፤ ውሃውን ያልተረዳ ሰው የቱንም ያህል መሣሪያ ቢደረድር ዓሣ በሌለበት ሥፍራ መንጠቆ ሲጎትት ይውላል።

ነገሩን ለመረዳት ከአንድ የውሃ ባሕርይ መነሣት ያስፈልጋል። ጨው አልባ ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ሙቀቱ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ይቀላል። በፀደይ መጀመሪያ የሐይቁ ውሃ ከላይ እስከ ታች ወደዚህ ሙቀት ስለሚጠጋ ነፋስ በቀላሉ ያደባልቀዋል፤ ዓሦቹም ቀድሞ የሚሞቀውን የዳርቻ ውሃ ፈልገው ወደ የብስ ይቀርባሉ። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ግን የላይኛው ውሃ ሞቆ ይቀልና ከታች ባለው ቀዝቃዛና ከባድ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከልም ሙቀቱ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ በፍጥነት የሚወርድበት ንብርብር ይፈጠራል። የሐይቅ ተመራማሪዎች ይህን ንብርብር ቴርሞክላይን ይሉታል። የላዩ ውሃ ሙቀት 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን ከዚህ ንብርብር በታች ያለው ከ10 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ለሌክ ትራውት የሚስማማው 10 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ሲሆን፣ ቺኑክ የሚባለው ትልቁ የሳልመን ዓይነት ደግሞ በዚያው አካባቢና ጥቂት ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ ሲመገብ ይገኛል። ስለዚህ ጀማሪው «ዛሬ ዓሣው ስንት ሜትር ላይ ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ለዓሣው የሚስማማው ሙቀት ስንት ሜትር ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

የዚህ ጥያቄ መልስ ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጥ መሆኑ ትምህርቱን ከባድም አስደሳችም ያደርገዋል። ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ የሞቀውን የላይ ውሃ ገፍቶ ከዳርቻው ሲያርቀው፣ የተወሰደውን ለመተካት ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይርም የሞቀው ውሃ ወደ ዳርቻው ተመልሶ ይከመራል፣ ቀዝቃዛው ንብርብርም ወደ ታች ይገፋል። በዚህ ምክንያት ትናንት በ25 ሜትር ላይ የተገኘው ዓሣ ዛሬ በ10 ሜትር ላይ፣ ወይም ከዳርቻው ብዙ ርቆ ሊገኝ ይችላል። በገመድ ወደ ታች የሚወርድ ቴርሞሜትር ከብዙ ዓይነት ማባበያ ይልቅ ለጀማሪ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ያለፉትን ቀናት የነፋስ አቅጣጫ ጽፎ መያዝም ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ የሆነ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ጋር ያለውን ልዩነት ማንሣት ተገቢ ይሆናል። በታንኳና በመረብ ለዘመናት ዓሣ ሲጠመድበት የኖረው ጣና እጅግ በጠለቀው ሥፍራው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ዘዴ የሚሆን ጥልቀት የለውም። ከ260 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ሻላ ደግሞ ውሃው ጨዋማና አልካላይን ስለሆነ ጥልቀቱ ብቻውን የዓሣ መኖሪያ አላደረገውም። በሞቃታማው የምድር ክፍል የሚገኙ ብዙ ጥልቅ ሐይቆች ውሃቸው በየዓመቱ ከላይ እስከ ታች ስለማይደባለቅ የታችኛው ክፍላቸው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ የሚሺጋን ሐይቅ ግን በቀዝቃዛው ወቅት ሙሉ በሙሉ ስለሚደባለቅ በታላቅ ጥልቀት ላይ ሳይቀር ለዓሣ የሚበቃ ኦክስጅን አለው። ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ያደገና ዛሬ ኑሮውን በቺካጎ ወይም በቶሮንቶ ያደረገ አንባቢ በከተማው አጠገብ ያለው ሐይቅ የሚመራበት ሥርዓት ከሚያውቀው ፈጽሞ የተለየ መሆኑን የሚረዳው ይህን ሲያጤን ነው።

መንጠቆውን ወደሚፈለገው ጥልቀት ለማውረድ በስፋት የሚያገለግለው መሣሪያ ዳውንሪገር ይባላል። ይህም በጀልባዋ ጠርዝ ላይ የሚታሰር ማጠንጠኛ፣ ቀጭን የብረት ገመድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ተኩል እስከ 5 ተኩል ኪሎ የሚመዝን ክብ ክብደት፣ እንዲሁም የዓሣ ማጥመጃውን ክር በመጠኑ አጥብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ ያለው መሣሪያ ነው። አሠራሩን አንድ በአንድ መመልከት ይጠቅማል። ጀልባዋ በመጓዝ ላይ እያለች፣ ማንኪያ የሚመስለው የሚያብለጨልጭ የብረት ማባበያ አሥር ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይለቀቃል፤ ከዚያም ክሩ በመቆንጠጫው ይያዝና ክብደቱ በዝግታ ይወርዳል፤ ክሩ እንዳይዝረከረክም አጥማጁ የማጥመጃ ዘንጉን ማጠንጠኛ በአውራ ጣቱ ቀለል አድርጎ ይጫናል። ክብደቱ በተፈለገው ጥልቀት ላይ ሲቆም ዘንጉ እንደ ደጋን እስኪጎብጥ ድረስ ክሩ ይወጠራል። ዓሣው ማባበያውን ሲመታ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቃል፤ የጎበጠው ዘንግም በድንገት ቀጥ ይላል። ብዙ ጀማሪ ዓሣ የሚያመልጠው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ዘንጉ ቀጥ ሲል ዓሣው የሄደ መስሎት ቆሞ ይመለከታል፤ ማድረግ የሚገባው ግን የላላውን ክር ያለ ማቋረጥ በፍጥነት መጠቅለል ነው።

መሣሪያው የለቀቀውን ገመድ ርዝመት የሚያሳይ ቆጣሪ አለው፤ ነገር ግን ቆጣሪው የሚያሳየው የገመዱን ርዝመት እንጂ የመንጠቆውን ጥልቀት አይደለም። ጀልባዋ ስትጓዝ ውሃው ክብደቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ገመዱ ያዘነብላል፤ 30 ሜትር የተለቀቀ ገመድ ከቀጥታው በ30 ዲግሪ ቢያዘነብል ክብደቱ የሚገኘው በ26 ሜትር ላይ ነው። አራት ሜትር ጥቂት ቢመስልም መንጠቆው ዓሣው ካለበት ንብርብር ወጥቶ ወደ ሞቀው ውሃ ለመግባት በቂ ነው። ክብደትን መጨመር ወይም ፍጥነትን መቀነስ ይህን ልዩነት ያጠብበዋል።

ፍጥነት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ለሌክ ትራውት በሰዓት ከ2 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ሜትር፣ ለቺኑክ ደግሞ ከዚያ ፈጠን ብሎ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ መጓዝ የተለመደ ነው፤ ሆኖም የጀልባዋ ፍጥነት ከላይ ሲታይ የመንጠቆው ፍጥነት ከታች አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል፣ ምክንያቱም በጥልቀት የሚፈስ ጅረት ከላይኛው በተለየ አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች ቀጥ ብለው ከመጓዝ ይልቅ እየተጠማዘዙ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ጀልባዋ ስትዞር በመዞሪያው ውስጠኛ ወገን ያለው ማባበያ ይዘገያል፣ በውጨኛው ወገን ያለው ይፈጥናል፤ ዓሣ የተያዘው በዘገየው ላይ ከሆነ ጉዞው ፈጥኖ ነበር፣ በፈጠነው ላይ ከሆነ ደግሞ ዘግይቶ ነበር ማለት ነው። ሐይቁን ያለ አንዳች መሣሪያ መጠየቅ የሚቻልበት ይህ መንገድ ከዘዴዎቹ ሁሉ ብልኃት የበዛበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ልኮ የሚመለሰውን የሚያነብበው ሶናር የሐይቁን ወለል፣ የዓሣ መንጋንና አንዳንድ ጊዜም ቴርሞክላይኑን ራሱን ያሳያል። ጀማሪው ሊያስተውለው የሚገባው በስክሪኑ ላይ የታየ ዓሣ ሁሉ ማባበያውን የሚመታ ዓሣ እንዳልሆነ ነው።

ከመሣሪያው አጠቃቀም ጋር የኃላፊነት ጉዳይም አለ። ትንሽ ዓሣ ሲያዝ ክሩን ከመቆንጠጫው ለማላቀቅ አቅም ስለሌለው የዘንጉ ጫፍ በጥቂቱ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ያን ዓሣ እስኪሞት ድረስ ሲጎትተው ይውላል። ከቀዝቃዛው ጥልቀት ተጎትቶ ሞቅ ወዳለው የላይ ውሃ የወጣ ዓሣም በድካምና በሙቀት ስለሚጎዳ ተመልሶ ቢለቀቅም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ በሕግ የተፈቀደለትን ቁጥር የያዘ ሰው «እየለቀቅሁ ልቀጥል» ከማለት መንጠቆውን ሰብስቦ ቢመለስ ይሻላል። ሌክ ትራውት በዝግታ የሚያድግና ከሃያ ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው፤ ትልልቆቹ በዕድሜያቸው ልክ በስባቸው ውስጥ የኬሚካል ብክለት ስለሚያከማቹ ለምግብ የሚመረጡት ትንንሾቹ ናቸው፣ በየግዛቱ የሚወጣውን የአመጋገብ መመሪያ መመልከትም ተገቢ ነው።

እነዚህ ዓሦች ዛሬ በሐይቁ ውስጥ የሚገኙት በሰው ጥረት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ላምፕሬይ የሚባለው ደም መጣጭ ፍጡር ከውቅያኖስ በመርከብ መተላለፊያዎች በኩል ገብቶ ከመጠን ካለፈ ማጥመድ ጋር ተደምሮ የሚሺጋንን ሌክ ትራውት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨርሶ አጥፍቶት ነበር። ተቆጣጣሪ ያጣው ኤልዋይፍ የሚባል ትንሽ ዓሣም እጅግ በመብዛቱ በ1967 እ.ኤ.አ. በገፍ ሞቶ የባሕር ዳርቻዎችን ሸፈነ። ላምፕሬዩን በመርዝ በመቆጣጠር፣ ሌክ ትራውትን እንደገና በማርባት፣ ከ1966 ጀምሮም ሳልመንን ከፓሲፊክ ዳርቻ አምጥቶ በመልቀቅ ነው የዛሬው አጥማጅ የሚመካበት ሀብት የተፈጠረው።

ያ የመጀመሪያው የሳልመን በረከት ግን ሕይወት አስከፍሏል። መስከረም 23 ቀን 1967 በፈረንጆች አቆጣጠር ፕላት ቤይ በተባለው የሚሺጋን ዳርቻ ብዙ ሰዎች በትንንሽ ጀልባዎች ወጥተው ሳለ በድንገት በተነሣው ማዕበል ሰባት አጥማጆች ሞተዋል። ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስም በተለይ አታላይ ነው፤ ዳርቻው አጠገብ ውሃው ረጋ ብሎ ይታያል፣ ማዕበሉ ግን ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይከብዳል፣ የተበላሸች ጀልባንም ከየብስ እያራቀ ይወስዳታል። ይኸው ነፋስ ቀዝቃዛውን ውሃ ወደ ላይ ስለሚያወጣ በነሐሴ ወር እንኳ ከጀልባ የወደቀ ሰው ትንፋሽ በሚያሳጣ ቅዝቃዜ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በመሆኑም ይህን ሙያ ለመጀመር የሚያስብ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የሐይቁን የአየር ትንበያ ይስማ፤ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለቤተሰቡ ይንገር፤ የሕይወት አድን ጃኬቱንም ከመቀመጫ ሥር ሳያስቀምጥ፣ ጀልባዋ ከወደቡ ሳትወጣ ጀምሮ ይልበሰው።