ሞተሩ ሳይሞቅ

የካቲት 21 ቀን 2017፣ ዓርብ

የስንብት ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ። አንድ ገጽ። በጥር የድርጅታችን የዕርዳታ ገንዘብ ከታገደ ጀምሮ ይመጣል ስንለው የከረምነው። ላፕቶፕ፣ መታወቂያ፣ የመሳቢያ ቁልፍ አስረከብኩ። ባልደረቦቼ በረንዳው ላይ ቆመው ስልክ ይቀባበላሉ፤ ሁላችንም የሁላችንም ስልክ እያለን። ነፋስ፣ አቧራ። ጾም ከገባ የመጀመሪያው ሳምንት። ቤት ስደርስ ትንሿ ልጄ "ዛሬ በጊዜ መጣሽ" ብላ ደስ አላት።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የስንብት ክፍያ ሒሳብ ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ያልወጣሁት ዓመት ፈቃድ። ፕሮቪደንት ፈንድ። ተደምሮ የአንድ አሮጌ ቪትዝ መኪና ዋጋ ግማሽ ያህል ነው። በቪትዝ መለካቱ የወንድሜ ወሬ ነው፤ ትናንት ማታ ሌላ አላወራም።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ወንድሜ እንደገና። ግማሹን እሱ ያዋጣል። የተጎዳ መኪና ገዝቶ፣ አስጠግኖ መሸጥ። "ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፣ እዚህ ይወደዳል" ይላል። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። በ2012 የወጣው ኤክሳይዝ ታክስ ብዙ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተባለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና እንግዲህ አይጨምርም፤ እየተጠገነ ይዞራል እንጂ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ቫትና ኤክሳይዝ የለበትም፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ብቻ ነው። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤታችን ቢዋይዲውን ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ይሰካል። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል። የዛሬ አምስት ዓመት ቪትዝ ማን ይፈልጋል? ወንድሜ "አምስት ዓመት አንይዛትም" አለ። መልስ ነው፤ ግን አላረፍኩም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ቄራ፣ የወንድሜ መካኒክ ጋራዥ። ስድሳን ያለፉ ሰው፤ ወንድሜ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም አልኳቸው። ማስታወሻ ደብተሬን ሳወጣ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ እንድጽፍ ጠብቀው አስረዱኝ።

"ልጄ፣ መኪና ልታዪ ስትሄጂ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂጂ። ከመነሳቱ በፊት እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ። ከሞቀ፣ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ለምን እንዳስነሳው ጠይቂ።"

ሌላው የጻፍኩት፦ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይት ይበላል። ነጭ ጭስ ብዙ ከቆየ ውኃ እየገባ ነው። የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ከሥሩ ማየት፤ እንደ ወተት ከነጣ የቴስታታ ጉርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል። ማግኔት በኪስ መያዝ፤ ላሜራ ይስባል፣ ስቱኮ አይስብም። የበርና የፓራፋንጎ ክፍተት በሁለቱም ጎን እኩል ነው ወይ። ጎማ አንድ ወገን ብቻ ከተበላ ከሥር የተጣመመ አለ። ቆጣሪው ትንሽ ኪሎ ሜትር እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ከሆነ ቆጣሪውን አለማመን። አዲስ ምንጣፍ ካለ ማንሳት። የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል።

አሥር ዓመት ቼክሊስት ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ ጉድጓድ። ማታ ይህንንም በሠንጠረዥ አደረግኩት። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ ሰዓት ሳላይ የሠራሁት የመጀመሪያ ነገር።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ሲኤምሲ፣ ከዚያ ለቡ። ደላላው "እህቴ፣ ባለቤትሽ አይመጣም እንዴ?" አለኝ። ዋጋውን ለወንድሜ ይነግረዋል፣ ቀለሙን ለእኔ። ማግኔቱን ሳወጣ ዝም አለ። የኋላ ግራ በር ከላይ እስከ ታች ስቱኮ። ባለመኪናው "በትንሹ ተነክታ ነው" አለ። ሙቀት፤ ጥላ የሌለው ግቢ። ሳንገዛ ተመለስን።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ጥሩ መኪና አገኘን። ንጹሕ ሞተር፣ ቦሎ የተለጠፈ፣ ዋጋውም ይቻላል። ሊብሬው ግን በሻጩ እህት ስም ነው፤ እሷ ኩዌት ናት። ላቧን አፍስሳ የላከችው ገንዘብ ነው፣ ወንድም እየነዳ ቆይቶ አሁን ሊሸጥ ነው። ውክልና አለኝ አለ። አነበብኩት፤ ማስተዳደር ይላል፣ መሸጥ አይልም። አዲስ ውክልና ከኤምባሲ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ።

ስልክ ቁጥሯን ጠየቅሁት። "ሥራ ላይ ናት፣ አታነሳም" አለ። እሷ መሸጡን ታውቅ ይሆን? ቀብድ ሳንከፍል ወጣን። ወንድሜ መንገዱን ሙሉ አላናገረኝም። ልክ ነን ብዬ አስባለሁ፤ ስለ መኪናዋ ግን አሁንም ይቆጨኛል።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ገዛን። በፈረንጅ የ2003 ሞዴል ቪትዝ፣ አንድ ሊትር ሞተር፣ ብርማ። 1 ሚሊዮን 600 ሺህ። ሻጮቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ የጋብቻ ወረቀታቸውን ይዘው ሁለቱም ሰነዶች ማረጋገጫ መጡ። ሚስትየው ስትፈርም አለቀሰች። የመጀመሪያ ልጇን ከሆስፒታል ያመጣችባት መኪና ናት። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ውኃ ገዛሁላት። ከሰዓት በልግ ዝናብ፤ በአዲሱ መኪናችን ውስጥ ተቀምጠን እስኪያባራ ጠበቅን። በቀኝ መስኮት ውኃ ይገባል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሰሙነ ሕማማት። ሶማሌ ተራ ከወንድሜ ጋር፤ የበር ላስቲክ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ። ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል ወይስ አዲስ ኮፒ? ሻጩም፣ ጋሼም፣ ወንድሜም የተለያየ መልስ አላቸው። ቺንጊያውን አዲስ አደረግን። ለበዓል ብር የሚፈልግ ሰው መኪናውን በችኮላ እየሸጠ ነው፤ ደላላው ሁለት ጊዜ ደወለ። የእኛ ብር ግን አልቋል።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ለገዢ የሚሰጠውን ወረቀት አዘጋጀሁ። አንድ ገጽ። የሠራነው፦ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ የበር ላስቲክ፣ የፍሬን ሸራ። ገዢው ማወቅ ያለበት፦ የፊት ፓራውልት ተቀብቷል፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ዘይት ትቀንሳለች፤ ዳገት ላይ ከነአየር ማቀዝቀዣው ትደክማለች። የመጨረሻውን እንጦጦ መውጫ ላይ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ከተማው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ለአንድ ሊትር ሞተር አየሩ ይሳሳበታል።

ደላላው አንብቦ መለሰልኝ። "እህቴ፣ እንዲህ ጽፈሽ መኪና አይሸጥም። ገዢው ዓይን አለው፣ ይይ።" ወንድሜም ከእሱ ጋር ነው። ባለቤቴ "የመሰለሽን አድርጊ" አለ፣ ይህም አልረዳኝም።

ገዢው ዓይን አለው ይላሉ። እኔም ዓይን ነበረኝ፤ ጋሼ እስኪያሳዩኝ ግን ስቱኮ አላየሁም። አንድ ቤተሰብ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ነው የሚገዛው። ወረቀቱን አልተውም። ባይሸጥስ? አላውቅም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

አልተሸጠችም። ሦስት ሰዎች ወረቀቱን አንብበው አመስግነው ሄዱ። አንዱ "እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ" ብሎ ከሌላ ሰው ገዛ። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ማቆሚያም ችግር ነው፤ የኮሪደር ልማቱ የደረሰበት አስፋልት ዳር ማቆም አይቻልም፣ ለሽያጭ ግቢ የጠየቅሁት ደግሞ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ይላል። ንግድ ፈቃዱ አድራሻ ይፈልጋል፣ አድራሻው ውል ይፈልጋል፣ ውሉ ብር። ሌሊት እንቅልፍ የለም።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ተሸጠች። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ከሚስቱ ጋር። ወረቀቱን ይዞ የራሱ መካኒክ ጋ ሄደ። መካኒኩ የቀኝ የፊት አሞርዛተር ያንጠባጥባል አለ፤ ወረቀቱ ላይ ጨመርኩት፣ ከዋጋው ቀነስን። ሚስትየው ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከሊብሬው ጋር አስቀመጠች።

የጥገናው፣ የስም ዝውውሩ፣ የደላላው ሲወጣ፣ ከወንድሜ ጋር ስንካፈል፣ ለእኔ የቀረው ከአንድ ወር ደመወዜ ያነሰ ነው። የፈጀው ግን ከአንድ ወር በላይ። ይህን ሥራ ብዬ ልጠራው እችላለሁ? ደስ ግን ብሎኛል። በጣም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

የፋርማሲው ሰው ወንድም ደወለ። ከእኛ መኪና ሊገዛ አይደለም። የሌላ ሰው ኮሮላ ሊገዛ ነው፤ አይቼ እንደዚያ ያለ ወረቀት እንድጽፍለት ይከፍለኛል። ከጋሼ ጋር ሄድን። እሳቸው ከሥር፣ እኔ በሠንጠረዡ። ክፍያውን ተካፈልን። "እኔ ከዚህ በፊት በሻይ ነበር የማየው" አሉ።

ወንድሜ አልወደደውም። መኪና ሳይያዝ ትርፍ የለም ይላል። ባለመኪኖች ከጠሉን ማን ይሸጥልናል? እሱም እውነት አለው።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ክረምቱ ገባ። የድሮ ባልደረባዬ ደወለች፤ የስድስት ወር ኮንትራት፣ ሐዋሳ። እስከ ሰኞ መልስ ትፈልጋለች። ባለቤቴ "ደመወዝ ደመወዝ ነው" አለ፤ ልጆቹን ግን ማን ይይዛል አላለም።

ከሰዓት ሌላ ሰው። ለእናቱ ያሪስ ሊገዛ ነው፣ እንድፈትሽለት ይፈልጋል። ባለመኪናው ጋ ደውዬ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንመጣለን፣ እስክንደርስ አታስነሳት አልኩት። ከሰዓት ይሁን አለ፤ ጠዋት ልጆች ያደርስባታል። እሑድ ጠዋትስ? አልኩ። ጠይቄ እደውላለሁ አለ። ማንን እንደሚጠይቅ አልገባኝም። እስካሁን አልደወለም።