ከባለ አንድ ክንዱ ተኩላ ጋር 12 ማታ

አንባቢ ሆይ፤ የጃፓንን ቋንቋ በትርፍ ጊዜዎ ለመማር አስበው እንደሆነ፥ አንዲት ፊደል በደንብ አድርጋ የምታስጠና አስተማሪ አግኝቼልዎታለሁ። ፊደሏ ቀይ ናት፤ በቴሌቪዥኑ መካከል ትልቅ ሆና ትወጣለች፤ ትርጉሟም «ሞት» ማለት ነው። እኔ በ12 ማታ ውስጥ 214 ጊዜ አንብቤያታለሁ። ቁጥሩን በግምት አልተናገርኩም። በስም መጥሪያ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ፥ አምስት አምስቱን እያሰርኩ፥ በእርሳስ መዝግቤዋለሁ።

ይህች ፊደል የምትገኘው «ሴኪሮ» በሚባል የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው። ሴኪሮ ማለት በጃፓንኛ አንድ ክንድ የቀረው ተኩላ እንደ ማለት ሲሆን፥ ከስሙ ሥር «ጥላዎች ሁለት ጊዜ ይሞታሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ መሰል ቃል ተጨምሮበታል። ጨዋታውን የሠራው በቶኪዮ የሚገኘው ፍሮም ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ ነው፤ የሥራው መሪም ሂደታካ ሚያዛኪ ይባላል። ሰውዬው ከዚያ በፊት «ዳርክ ሶልስ»ን በመሳሰሉ ተጫዋቹን በሚያስለቅሱ ጨዋታዎች ስሙ የታወቀ ነው። ሴኪሮ ለገበያ የዋለው መጋቢት 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በዚያው በ2019 መጨረሻ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ በአሜሪካ ተሸለመ፤ እስከ 2023 ድረስም ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ይህን ያህል ሕዝብ ገንዘቡን ከፍሎ መሞትን ገዛ ማለት ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከዚህ ሁሉ ምን አገባው ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ፊዚክስ ከማስተምራቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና 34 ከመቶ አገኘ። እናቱም መጡና ከመምህራን ክፍል በር ላይ አስጠሩኝ። «መምህር» አሉኝ፤ «አጎቱ ከዋሽንግተን ሲመጣ አንድ ዕቃ ይዞለት መጣ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ማታ ማታ ሰው ሲያርድ ነው የሚያመሸው። ልቡን ያበላሽብኝ ይሆን? እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ አይተው ይንገሩኝ።» ያላዩትን ነገር ክፉ ነው ወይም ደግ ነው ብሎ መፍረድ ደግሞ ለመምህር አይገባም። ጊዜው የዕረፍት ጊዜ ስለነበረ መሣሪያውን ከነሽቦው በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ዕቃው ከቤታቸው በመውጣቱ ብቻ የጭንቀታቸው እኩሌታ የቀለለላቸው መሰለኝ። ልጁ ግን እስከ በር ሸኝቶኝ፥ «ቲቸር፥ ወደ ኋላ እንዳይሸሹ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ማታ ነው።

የታሪኩ ዘመን ጃፓን በመሳፍንቷ ጦርነት የታመሰችበት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1467 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። አሺና የተባለች፥ በደራሲዎቹ ልብ የተፈጠረች በረዷማ የተራራ አገር ልትወድቅ ተቃርባለች። ተኩላው ከጦር ሜዳ የተለቀመ ወላጅ የሌለው ልጅ ነበር፤ ያሳደገው አንድ ትልቅ ሺኖቢ ነው። ሺኖቢ ማለት እኛ ኒንጃ የምንለው፥ በየቪዲዮ ቤቱ በጥቁር ልብስ ተጠቅልሎ ከጣራ ጣራ ሲዘል ያየነው ሰው ነው። የተኩላው ጌታ ኩሮ የሚባል ትንሽ ልጅ ሲሆን፥ በደሙ ውስጥ ሞትን የሚመልስ ኀይል አለ። የአገሩ ገዢ የልጅ ልጅ ጌኒቺሮ ደግሞ አገሩን ከጥፋት ለማዳን ሲል ይህን ደም ይፈልጋል። ተኩላው ጌታውን ሊያስመልጥ ሲል በጨረቃ ብርሃን፥ በሰንበሌጥ መካከል ከጌኒቺሮ ጋር ይገጥምና ግራ ክንዱን ይቆረጣል። ተጫዋቹ ጎበዝም ሆነ ሰነፍ ይህ ክንድ መቆረጡ አይቀርም።

ሲነቃ ራሱን በአንድ በፈረሰ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያገኘዋል። በዚያ አንድ ሽማግሌ የቡድሃን ምስል ከእንጨት ሲቀርጽ ይውላል፤ ነገር ግን የሚቀርጻቸው ምስሎች ሁሉ ፊታቸው ቁጡ ሆኖ ይወጣል። እሱም ራሱ አንድ ክንድ የለውም። ለተኩላው የሚሰጠው ሰው ሠራሽ ክንድ ቀድሞ የገዛ ራሱ ነበር። ይህን ሽማግሌ ከጨዋታው ሰዎች ሁሉ አብልጬ ወደድኩት፤ ለምን እንደሆነ አሁን ብጠየቅ አላስረዳም።

አሁን ወደ ሰይፉ እንምጣ። በብዙ ጨዋታዎች ጠላት ቀስ በቀስ ተቆራርጦ ነው የሚሞተው። እዚህ ግን ጠላት ከነፍሱ ሌላ አቋም የሚባል ነገር አለው፤ ዋናው ሥራም አቋሙን ማናጋት ነው። ሰይፉ ሊያርፍብዎ ሲል፥ በዚያች ቅጽበት የምከታውን ቁልፍ ከተጫኑ ብረት ከብረት ይጋጭና እሳት ይፈነጥቃል፤ የባላጋራዎም አቋም ይናጋል። እንዲህ ደጋግመው ከመከቱ ይብረከረካል፤ ቀይ ነጥብም ይበራበታል፤ ያን ጊዜ አንድ ምት ይበቃል። ፈርተው ወደ ኋላ ካፈገፈጉ ግን እሱም ትንፋሹን ይሰበስባል፤ የተናጋው አቋሙም ተመልሶ ይጸናል። እርስዎ ያረፉ ሲመስልዎ ያሳረፉት እሱን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ማታዎች ገና ሰይፍ ሲነሣ ጣቴ በገዛ ፈቃዱ ይሸሽ ነበር። አንድ ተራ የጦር አለቃ፥ ያውም ስሙን በቅጡ ያልያዝኩት፥ 26 ጊዜ ገደለኝ። በሦስተኛው ማታ የልጁ ቃል ትዝ አለኝና ከፊቱ ገትሬ ቆምኩ። ያን ጊዜ የተረዳሁት፥ በዚህ ውጊያ ከዓይን ይልቅ ጆሮ እንደሚጠቅም ነው። የሰነፍ ምከታ ድምፁ ደነዝ ነው፤ በሰዓቱ የተመከተ ግን እንደ አንጥረኛ መዶሻ ጥርት ብሎ ይጮኻል። እሱ ሲመታ፥ እኔ ስመክት፥ ሁለታችን አንድ ዜማ የያዝን ያህል ሆነና በ27ኛው ወደቀ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ ነው እንጂ እልል ባልኩ ነበር።

የደሙን ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። ደሙ የውሃ ቧንቧ የፈነዳ ይመስል ወደ ላይ ይረጫል። በአውሮፓ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ብቻ የሚል ምልክት ተደርጎበታል፤ ምልክቱም ተገቢ ነው። በአራተኛው ማታ አከራዬ ቡና ይዘውልኝ ሲገቡ፥ እኔ አንድ ጠባቂ ከኋላው ተስቤ አንገቱ ላይ እየወጋሁት ነበር። ሲኒውን እንደያዙ ቆም ብለው አዩና፥ «ልጄ፥ ይኼ ሰውዬ ምን አድርጎህ ነው?» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ምንም አላደረገኝም። የሚጠብቀው አጥር በመንገዴ ላይ ስለሆነ ብቻ ነው። እንዲያውም ጥግ ይዘው ቢያዳምጡ ጠባቂዎቹ ሲያወሩ ይሰማሉ፤ ስለ ጦርነቱ ይሰጋሉ፥ ይማረራሉ። ዓይኑ የቀላ ጠላት እሳት እንደሚፈራ ያወቅሁት እንደዚህ ካለው ወሬ ነው። ምክራቸውን ከሰማሁ በኋላ ያለፍኩት በእነሱው ሬሳ ላይ ነው። የአከራዬ ጥያቄ ከዚያ በኋላ በየአጥሩ ጥግ ይከተለኝ ጀመር።

በግቢው በር ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ስለሚመጣው ፈረሰኛ ጥቂት ልበል። ስሙ ጊዮቡ ማሳታካ ኦኒዋ ነው። ስሙን ማወቄ አያስደንቅም፤ ጦሩን ይዞ እየጋለበ ሲመጣ ሜዳው እስኪያስተጋባ ይፎክርበታል። እኛ አገር ቢሆን አባ ታጠቅ፥ አባ ዳኘው እያለ በፈረሱ ስም ይፎክር ነበር፤ ይህኛው የሚጠራው የራሱን ነው። ርችት ሲተኮስበት ፈረሱ ይደነብራል። ይህን ባላውቅ ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ሜዳ ላይ እየተረገጥኩ በሆንኩ።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ወዳሳሰበኝ ነገር ደረስኩ። ተኩላው ሲሞት በኩሮ ደም ኀይል ይነሣል። በሌላ ጨዋታ መሞት ምንም አይደለም፤ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና መጀመር ነው። እዚህ ግን ዋጋ አለው። በመንገድ ላይ፥ በአንዲት የተጎሳቆለች ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት አግኝቼ ነበር፤ ለቡድሃ የምትቀርብ ትንሽ ቃጭል ሰጡኝ። በአምስተኛው ማታ ተመልሼ ባያቸው ደረታቸውን ይዘው ይስላሉ። ቀጥሎ ያ የምወደው ቀራጭ ሽማግሌ መሳል ጀመረ። ኤማ የተባለች ሐኪም እንደምታስረዳው ይህ የዘንዶ በሽታ ነው፤ ተኩላው በሞተና በተነሣ ቁጥር የሚነሣበት ዕድሜ የሚቀነሰው ካገኛቸው ሰዎች ነው። መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን እንደልብ አይገኝም።

አንባቢ ሆይ፥ ተረት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ ማታ ወዲህ በደብተሬ ላይ እርሳሴን ባሳረፍኩ ቁጥር መስመሩን በአሮጊቷ ስም የምጽፍ ይመስለኝ ጀመር። በችኮላ መሞት ነውር ሆነብኝ። ደም በማፍሰስ የሚታማው ጨዋታ፥ ከማውቃቸው ውስጥ ሞትን ርካሽ ያላደረገ እሱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

በቤተ መቅደሱ አጠገብ ደግሞ ሃንቤ የሚባል ሞት እምቢ ያለው ወታደር ቆሟል። ሥራው መለማመጃ መሆን ነው። የፈለጉትን ምት እየመረጡ መቶ ጊዜ ቢለማመዱበት አይሰለችም፤ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ተነሥቶ ደግሞ ይቆማል። ይህን ሰው ሳይ በቅናት ተቃጠልኩ ብል አላጋነንኩም። እኔ የማስተምርበት ክፍል 68 ተማሪ አለበት። የፈተናው ወረቀት ታርሞ የሚመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ፥ በራሱ ላይ አንድ ቀይ ቁጥር ተጽፎበት ነው። ተማሪው መውደቁን ያውቃል፤ የቱ ላይ እንደወደቀ ግን አያውቅም። ጨዋታው ግን ሲገድልዎ ወዲያውኑ፥ በየትኛው ምት እንደገደለዎ እያሳየ ነው።

በቅዳሜው ለቡና ተጠርቼ ልጁ ቤት ሄድኩ። ለእናቱ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ደሙ ለታናሽ እኅቱ ዓይን እንደማይገባ፥ ለሱም ቢሆን ሁለት ዓመት ቢቆይለት እንደምመርጥ፥ ካልሆነም ቅዳሜና እሑድ ብቻ፥ እሳቸው ባሉበት መሆን እንዳለበት፤ ልቡን ግን ያበላሸዋል ብዬ እንዳልፈራ። እሳቸው ጀበናውን እያዘነበሉ፥ «እሱስ ይሁን፤ ግን እዚያ መቶ ጊዜ ሞቶ ይነሣል። ፊዚክሱን ለምን አንዴ ወድቆ ተወው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝምና ልጁን የፈተና ወረቀቱን አምጣ አልኩት። ከአልጋው ሥር ተጨማዶ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፥ እንደ ሃንቤ እያቆምን፥ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ሠራናቸው። ካጣቸው ጥያቄዎች ዘጠኙ የጠፉት በአንድ ምክንያት ነው፤ ፍጥነትንና ፍጥንጥነትን ይቀላቅላል። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ፍጥንጥነቱም ዜሮ ይመስለዋል። ልጁ ወረቀቱን ገለባብጦ አየና፥ «ቲቸር፥ ለካ ዘጠኝ ጊዜ የገደለኝ ያው አንድ ሰውዬ ነው!» አለ። እናቱ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ሁለታችን ግን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሠርተናል። ፈተናውን ያልፋል ወይ ለሚለው ገና ነው።

ጨዋታው በወጣበት ዓመት በውጭ አገር ትልቅ ክርክር ተነሥቶ እንደነበር አንብቤያለሁ። ሴኪሮ እንደ ሌሎቹ «ቀላል» እና «ከባድ» የሚል ምርጫ የለውም፤ ለሁሉም ያው አንድ ሰይፍ ነው። አንዳንዶቹ፥ በተለይም እጃቸው የማይታዘዝላቸው አካል ጉዳተኞች፥ ለምን ይከለከላል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቢቀል ሴኪሮ መሆኑ ይቀራል አሉ። እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ። በክፍሌ ውስጥ ዓይኑ የሚደክም ተማሪ ቢኖር ከፊት ወንበር አስቀምጠዋለሁ፤ ፈተናው በዚህ አይረክስም።

ለጊዜው ያለሁት በአሺና ግንብ ጫፍ ላይ ነው። ክንዴን የቆረጠው ጌኒቺሮ በዚያ ይጠብቀኛል፤ እስካሁን 19 ጊዜ ገድሎኛል። ሁለት ጊዜ ከጣልኩት በኋላ ልብሱን ጥሎ ይነሣና መብረቅ ይወረውራል። ምን ይሻላል ብዬ ልጁን ብጠይቀው፥ «ዘለው በአየር ላይ ይቀበሉት፤ መሬት ሳይረግጡ መልሰው ይወርውሩለት» አለኝ። በፊዚክስ በኩል ነገሩ ብዙም አያስኬድም፤ እግሩ መሬት ያልነካ ሰው ስለሚለው ክፍል ግን ጥቂት አሰብኩበት። መሣሪያውን የምመልሰው ከነገ ወዲያ ነው። መብራት ካልጠፋ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።